የሚያክም እጅ የት ላይ ይቆማል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ዋሽንት። ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

መሐል ሜዳና ሞላሌ፣ ወገሬና ዘመሮ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ፣ ከጓሳ ብርድ እስከ ጀማ ቆላ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ቡና ያቀረባችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ሱፍ የምትፈትሉ እናቶች እንዝርቱን አታቁሙት። ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

ገና አልፎ ጥምቀትም ተከበረ። የገናው ጨዋታ ግን ከአንዳንዱ ቤት አልወጣም። ሩሯን ሲያሳድድ ውሎ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ በገና ዱላ ጣቱን የተመታ፣ ወድቆ ክንዱ ያበጠ ልጅ በየመንደሩ አለ። እስቲ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠራው ማን ነው? ሐኪሙ ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት? እንተማመን፤ የሚጠራው ወጌሻው ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን በእጃቸው ስለሚያክሙ ሰዎች ነው። አንድ ጥያቄ ይዘን እንቆያለን። ረጅም ዘመን መሥራት ለሚያክም እጅ ምን ይጨምርለታል? ጉልበት ነው? ምሥጢር ነው? ወይስ ሌላ ነገር? ጥያቄውን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

(ሙዚቃ፦ ለጥቂት ሰከንድ።)

ወጌሻ የገጠር ሰው ብቻ አይደለም። የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ የምትከታተሉ ወጣቶች ታውቁታላችሁ፤ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ወደ ሜዳ የሚገባውን ሰው ጋዜጠኛው ዛሬም ወጌሻ ይለዋል። መንደራችን ውስጥ ደግሞ ወለምታ የሚያሸው፣ ውልቃት የሚመልሰው፣ ስብራት በስንጥር የሚያስረው እሱ ነው።

ለምን ይጠራል? ስለሚቀርብ ነው። ከወንጭት ዳር ወይም ከጀማ ዳር በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ዓለም ከተማ አቀበቱን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የወጌሻው ቤት ግን ከአጥሩ ባሻገር ነው። ያውቀናል፤ አባታችንንም አሽቷል። ሲያሻሽን ያዋየናል። «ቀጣይ ይግባ» ብሎ አይሸኘንም። ይህን የማይረዳ ሰው ስለ ወጌሻ የሚናገረው ሁሉ ስድብ ብቻ ይሆንበታል። እኛ ዛሬ ለስድብ አልተቀመጥንም።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችሁ በስልክ «ሬይኪ ተደረገልኝ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ሬይኪ ምንድን ነው? ከጃፓን የመጣ የእጅ ሕክምና ነው። የጀመረው ሚካኦ ኡሱይ የሚባል ሰው ነው። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1922፣ በእኛ 1914 ዓ.ም. ነበር፤ በአገራችን ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ። ከእሱ የተማረ ሐያሺ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም ትምህርቱን አሰፋው። ከሐያሺ የተማረች ሐዋዮ ታካታ የምትባል ሴት ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ ሐዋይ ወሰደችው፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካም ወደ ሌላው ዓለም ተዳረሰ።

እንዴት ነው የሚሠራው? ታካሚው ልብሱን እንደለበሰ ይጋደማል። የሬይኪ ሰው እጁን ጭንቅላቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ሆዱ ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ አንዳንዴም ሳይነካ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። አይጫንም፤ አያሽም። በእጁ በኩል የሕይወት ኃይል ያልፋል ብሎ ያምናል።

ኃይሉ ግን በእርግጥ ያልፋል? እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ታስተምረን።

(ዕረፍት)

ልጅቱ ኤሚሊ ሮዛ ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። በዘጠኝ ዓመቷ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ሥራ አንድ ፈተና አሰበች። ፈተናዋ የሬይኪ የቅርብ ዘመድ በሆነ፣ ነርሶች ይሠሩበት በነበረ ሌላ የእጅ ሕክምና ላይ ነበር። እነዚያ ባለሙያዎች እጃችንን ከሰው ገላ በላይ ስንይዝ የሰውየው ኃይል ይሰማናል ይሉ ነበር። «እሺ» አለች ልጅቱ፤ በመካከል መጋረጃ አቆመች። ባለሙያው ሁለት እጁን በመጋረጃው ቀዳዳ ያሾልካል። እሷ ደግሞ አንድ እጇን ከግራ እጁ ወይም ከቀኝ እጁ በላይ ትይዛለች፤ ሳትነካው። ከዚያ ትጠይቀዋለች፦ «እጄ የት ነው?»

እስቲ ገምቱ። ዝም ብሎ በግምት የሚመልስ ሰው ከመቶው ሃምሳውን ያገኛል፤ አይደለም? 21 ባለሙያዎች ተፈተኑ። ያገኙት ከመቶ 44 ነበር። ከግምትም አነሰ! ሥራዋ በ1998 እ.ኤ.አ. በታወቀው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ። ከተፈተኑት መካከል ብዙ ዓመት የሠሩም ነበሩበት። ዓመታቸው አላዳናቸውም።

በሬይኪ ውስጥ ያልፋል የሚባለውንም ኃይል እስከ ዛሬ የለካው ሰው የለም። ይህን በግልጽ እንናገር። ሬይኪ ስብራት አይጠግንም፤ ቲቢ አያድንም፤ ካንሰር አያጠፋም። ታዲያ ሰው ለምን ይሄድበታል? ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሳይቸኩል ሰምቶት፣ እጁን ቀስ አድርጎ ስላሳረፈበት ነው። የተጨነቀ ሰውነት በዚህ ይፍታታል። ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር ላይ እናቱ እጇን ስታደርግ እንቅልፍ የሚወስደው፣ እጇ ትኩሳቱን ስላወረደለት አይደለም፤ እጇ ግን ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ልጅ ሆኖ አያውቅም። ከሃይማኖት ጋር ስለሚኖረው ጉዳይ ደግሞ የሚጠየቁት የንስሐ አባታችሁ ናቸው እንጂ የሬዲዮ አዘጋጅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ጃፓንን ለማስጎብኘት አይደለም። ጥሩ ስም ያላቸው የሬይኪ ሰዎች የሚመሩበት ሥርዓት የእኛን ደግ ወጌሻ ስለሚመስል ነው። በሽታህ ይህ ነው አይሉም። መድኃኒትህን ጣል አይሉም። ሳያስፈቅዱ አይነኩም። ያዩትን ለሌላ አያወሩም። ኡሱይ ለተማሪዎቹ ያወረሰው ምክርም የሚጀምረው ከበሽተኛው አይደለም፤ ከአካሚው ከራሱ ነው፤ ቁጣንና ጭንቀትን ለዛሬ ተወው፣ አመስግን፣ ሥራህን በትጋት ሥራ፣ ለፍጡር ሁሉ ደግ ሁን የሚል ነው። የተቆጣ ሰው እጅ ይጫናል። የታሸ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ረጅም ልምድ ለሚያክም እጅ ምን ይጨምርለታል?

(ሙዚቃ፦ ክራር፤ አጠር ያለ።)

እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ለትምህርት የፈጠርነው ነው፤ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም። ቦታው ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ መንደር ይሁን። አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ አንድ አዛውንት ወጌሻ ቤት ትገባለች። ልጁ ክርኑን አቅፎ ያለቅሳል።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? እባክዎ ይዩልኝ፤ ከበቅሎ ወድቆ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ።» አዛውንቱ እጁን አልያዙትም። መጀመሪያ ፊቱን አዩ። «አንተ ጎበዝ፣ በቅሎዋ ነች የጣለችህ ወይስ አንተ ነህ የዘለልክ?» ልጁ በለቅሶው መካከል ፈገግ አለ። «አሁን ላየው ነው። ሲያምህ ‹ተው› በለኝ፤ እተዋለሁ። እሺ?»

«እሺ።»

መጀመሪያ የያዙት ጤነኛውን ክንድ ነው። አገላብጠው አዩት። ቀጥሎ የታመመውን፣ ሳይጫኑ፣ ከጎኑ አድርገው አስተያዩት። «ጣቶችህን አንቀሳቅስ እስቲ።» አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ፤ ሌሎቹም ተንቀሳቀሱ። ትንሿን ጣት በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። «ተሰማህ?»

ልጁ ዝም አለ። እንደገና ነኩት። «አልተሰማኝም» አለ።

አዛውንቱ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ» አሏት እናቱን፣ «ይህ የእኔ አይደለም። መሐል ሜዳ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። አሁኑኑ።»

«አባባ! ምነው? የአባቱን እግር ያዳኑት እርስዎ አይደሉ?»

«የአባቱ ወለምታ ነበር» አሏት። ክንዱን እንደታጠፈ በነጠላ ደረቱ ላይ አንጠለጠሉለት፤ አላሹትም፤ አልጎተቱትም። የያዘችላቸውን እንቁላል «ለመንገድ ይሁንሽ» ብለው መለሱላት።

(ዕረፍት)

አድማጮቻችን፣ እዚህ ቤት ውስጥ ልምድ ያደረገው ምንድን ነው? ልብ ብላችሁ ከሆነ አዛውንቱ ክንዱን ከማንጠልጠል በቀር ምንም አላደረጉም! አላሹም፤ አልገጠሙም፤ አላሰሩም። ገና ትናንት ሥራ የጀመረ ወጌሻ ቢሆን ኖሮ ያንን ክርን ይዞ ይጎትተው ነበር፤ ስሙን ማስጠራት አለበታ። የልጅ ክርን ሲሰበር ነርቭና የደም ሥር አጠገቡ ናቸው። ቢጎተት አጥንቱ ሊገጥም ይችላል፤ እጁ ግን ዕድሜ ልኩን ሊሰንፍ ይችላል። ረጅም ዘመን ለአዛውንቱ የጨመረላቸው ይህንን ነው፤ «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል ቃል። ደግሜ ልበለው፦ ይህ የእኔ አይደለም። ይህን ቃል ያለ እፍረት መናገር የሚችል ወጌሻ በአካባቢያችሁ ካለ፣ አክብሩት።

አሁን ደግሞ እጃችሁን ዘርጉ። ይህንን አብረን እንሠራዋለን።

የአንድ ጣታችሁን ጥፍር በሌላው እጃችሁ ጫን አድርጉት። ነጣ አይደል? ልቀቁት። አንድ፣ ሁለት። ቀላ? ደሙ ተመለሰ ማለት ነው። በመንዝ ብርድ ላይ ያላችሁ ትንሽ ሊዘገይባችሁ ይችላል፤ እጃችሁን አሙቁና ድገሙት። ሁልጊዜም ከደኅናው እጅ ጥፍር ጋር አስተያዩት።

ይህን ለምን አሳየኋችሁ? ስለ ስብራት ማሰሪያ ላወራ ነው። ብዙዎቻችን ስብራት ጥብቅ ተደርጎ ካልታሰረ አይገጥምም ብለን እናምናለን። ወጌሻው የቀርከሃ ወይም የሸንበቆ ስንጥር ዙሪያውን ይደረድራል፤ በጨርቅ ይጠመጥማል፤ ጠበቅ ያደርጋል። ቤተሰቡም «ጠበቅ አድርገው» ይላል። ግን የተሰበረ አካል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ትናንት ልክ የነበረው ማሰሪያ ዛሬ ማነቆ ይሆናል። ደም መግባት ይከለከላል፤ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ይቀዘቅዛሉ፤ ይጠቁራሉ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ሲደረስ የሚቀረው መቁረጥ ነው።

ይህ ለማስፈራራት የተባለ አይደለም። በአገራችን ሆስፒታሎች በእንዲህ ያለ ማሰሪያ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናትና ወጣቶች ታሪክ በሐኪሞች ተጽፏል። ግን እዚያው አጠገቡ የሚያስደስት ነገርም ተጽፏል። ወጌሾች ተጠርተው አጭር ሥልጠና በተሰጠበት አካባቢ፣ ማሰሪያ ማላላትና በቶሎ መላክ ሲለመድ፣ እንዲህ ያለው መቁረጥ ቀነሰ። ወጌሻው ሥራውን ተው አልተባለም፤ ሥራው ተሻለ እንጂ።

ስለዚህ የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬ ማታ ጥፍሩን እዩለት። ይሞቃል? ይቀላል? ይንቀሳቀሳል? ሲነካ ይሰማዋል? ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየባሰ ከሄደ «የሚጠገን ያማል» ብላችሁ አትጠብቁ። ማሰሪያውን አላሉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አጥንት በቁስል በኩል ከታየ ደግሞ ቅቤ አትቀቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በእንዲህ ያለ ቁስል ነው።

(ሙዚቃ፦ ለጥቂት ሰከንድ።)

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ወጌሾች የምታዳምጡኝ፣ ይህን ለእናንተ ብዬ ነው ያዘጋጀሁት።

ሠላሳ ዓመት የሠራ ወጌሻ «እኔ ያሸሁት ሁሉ ድኗል» ሲል ይዋሻል? ብዙ ጊዜ አይዋሽም። ያየውን ነው የሚናገረው። ግን ማንን ነው ያየው? የዳነው ሰው በዓል ሲመጣ ዶሮ ይዞ ይመጣል፤ ገበያ ላይ አቅፎ ይስመዋል። ያልዳነውስ? ይሉኝታ ይይዘዋል። «እጅዎ አልሆነኝም» ብሎ አዛውንት ፊት የሚቆም የመንዝ ሰው የት አለ? ዝም ብሎ ሌላ ወጌሻ ይፈልጋል፤ ወይ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ወጌሻው ስለዚህ ሰው አንድም ነገር አይሰማም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደጁን የሚያንኳኳው ምስጋና ብቻ ይሆናል።

አያችሁ? በዚህ መንገድ ልምድ ራሱ ያታልላል። የሬይኪ ሰዎችንም የሚያታልላቸው ይኸው ነው፤ ደስ ያለው ይመለሳል፤ ያልተለወጠለት ይቀራል። ሐኪሞችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ካርድና መዝገብ የተፈለገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወለምታ አብዛኛውን ጊዜ ቢታሽም ባይታሽም በሳምንታት ውስጥ ይድናል። አጥንትም ራሱ ነው የሚገጥመው፤ የሰው እጅ ሥራ ቦታውን ሳይለቅ ጸጥ አድርጎ ማቆየት ነው። የጓሳን ሣር አስቡ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአካባቢው ሰው የጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ከብት አይገባበትም፤ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩን ያበቀሉት ጠባቂዎቹ ናቸው? አይደሉም። ጠባቂዎቹ ባይኖሩ ግን ጓሳ ዛሬ ድረስ አይደርስም ነበር። ጥሩ ወጌሻም ክብሩ እንዲሁ ነው። «አዳንኩት» ከሚል «ጠበቅኩለት» ቢል እውነቱን ይናገራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ያልተመለሱት የት አሉ? መጻፍ የማይችል ወጌሻም ይህን መጠየቅ ይችላል። በገበያ ቀን የዚያ ቀበሌ ሰው ሲያገኝ «ያ ያሰርኩት ልጅ እጁ እንዴት ሆነ?» ማለት ይችላል። ካሰረ በማግሥቱ ራሱ ሄዶ ማየት ይችላል። ያልዳነውን ሰው «ንገረኝ፣ አልቀየምም» ማለት ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ወጌሻ በአምስት ዓመት ብዙ ያውቃል። የማይጠይቅ በሠላሳም ዓመት እዚያው ነው።

(ዕረፍት)

ስለ ሴቶች እንነጋገር። እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድ ወጌሻ ፊት ስትቀመጡ ልብሳችሁን የት ድረስ መግለጥ እንዳለባችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ወገቧን ያመማት ሴት ጭኗ የሚታይበት ምክንያት የለም። ደኅና ወጌሻ ከመንካቱ በፊት የት እንደሚነካ ይናገራል፤ ቤተሰብ እንዲቀመጥ ራሱ ይጠይቃል። «እኔ የአባትሽ እኩያ ነኝ» የሚለው ቃል ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚባለው የእናንተ «እሺ» ነው። እሺ ያላችሁትም በመካከል «ይብቃኝ» ማለት ትችላላችሁ።

የነፍሰ ጡር ሆድ አይታሽም። ይህን በአጭሩ ልበለው፤ ልጁን አስተካክላለሁ የሚለው ሰው ምንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ሊላቀቅና ደም ሊፈስ ይችላል። ከወሊድ በኋላ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ የሚያማትም ሴት እግሯ አይታሽም፤ ወደ ሐኪም ትሂድ። የልምድ አዋላጆቻችን ዛሬ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው እናቲቱን ይዘው ጤና ጣቢያ መድረስና አጠገቧ መቆየት ነው። ሕፃናት ላይ እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣትም የቀረ ነገር መሆን አለበት፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ይቀጣል።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን አለ። ቤተሰብ ይቀመጥ ብያለሁ። ባሏ አብሯት መጥቶ «ከአጥር ላይ ወድቃ ነው» ቢልስ? እጁ የበሰለ ወጌሻ የመውደቅና የዱላ ምልክት ለይቶ ያውቃል። የወደቀ ሰው መዳፉን፣ ጉልበቱን ይመታል፤ ፊቱን ለመከላከል ክንዱን ያነሳ ሰው የሚመታው የክንዱ አጥንት ላይ ነው። እንግዲህ ምን ያድርግ? ባሏ ፊት ቢጠይቃት ማታ ቤት ስትገባ ይብስባታል። ለመንደር ቢያወራ ደግሞ ያዋርዳታል። ከምንም በፊት ባልየውን ውኃ እንዲያመጣ ይላከው። ብቻዋን ስትሆን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃት። ካልነገረችው አያስገድዳት። ከነገረችው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዝ ጽሕፈት ቤትም እንዳሉ ይንገራት፤ ለማን፣ መቼ እንደምትናገር ትወስን። ከዚያ በኋላ አፉ ይዘጋ። ለሚስቱም እንኳ አይናገር! ይህንን ማድረግ የሚችል ልብ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ልምድ የሚባለውን ነገር እዚህ ላይ እወደዋለሁ።

ስለ ፀበልም የሚጠይቁን አሉ። እንጦጦ ላይ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በፀበል ብቻ ተማምነው መድኃኒት ሲተዉ፣ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ወጌሻም ሆነ የሬይኪ ሰው ከፓትርያርክ በላይ ሥልጣን የለውም። «የእኔን ከፈለግህ የሐኪሙን ተው» የሚላችሁን ሰው፣ እጁ ምንም ያህል ቢለሰልስ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

(ሙዚቃ፦ ክራር፤ ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል።)

ከመሰናበታችን በፊት የወጌሻ ልጆችን ላናግር። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ያያል፤ አባቱ ሲያሹ፣ ሲገጥሙ፣ ሲያስሩ። እጁን ይማራል። ግን አባቱ «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው የመለሷቸው ሰዎች ደጅ ላይ ነው የሚመለሱት። ለምን እንደተመለሱ ልጁ አይሰማም። አባት ሲያልፉ ልጁ የእጁን ሥራ ሁሉ ወርሷል፤ እምቢታውን ግን አልወረሰም። ስለዚህ ያ የቀድሞ ቤት በልጁ ጊዜ ስሙ ሲጠፋ እናያለን፤ ሰዉም «የአባቱ እጅ የለውም» ይላል። ያጣው እጅ አይደለም።

አዛውንቶች፣ ሰው ስትመልሱ ጮክ ብላችሁ መልሱ። «ይህን የማልነካው ትንሿ ጣቱ ስለደነዘዘች ነው» በሉ። «ከገደል ስለወደቀች ወገቧን አላገላብጥም፤ እንደተኛች በጣውላ ላይ ትሂድ» በሉ። ልጁ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ይስማ።

አሁን የሳምንቱን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ወጌሾች፣ አዋላጆች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ደብዳቤ ላኩልን። የማንንም ስም ሳትጠሩ አንድ ሰው አስታውሱ፤ ልታክሙት ተጠይቃችሁ የመለሳችሁት ሰው። ምን አይታችሁ ነው የመለሳችሁት? ከዚያስ እንዴት እንደሆነ ጠይቃችኋል? መጻፍ ለማትችሉ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከደብዳቤዎቻችሁ እናነባለን፤ አንድ የአጥንት ሐኪምም እዚሁ ስቱዲዮ ገብተው ይመልሱላችኋል፤ በተለይ ውልቃትን እስከ ሆስፒታል ድረስ እንዴት ይዞ መጓዝ እንደሚቻል።

እስከዚያው የታሰረ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ጥፍሩን ማታም ጠዋትም እዩለት። ሰላም ሰንብቱ።

(ሙዚቃ፦ ከፍ ይላል፤ ያልቃል።)